ሞተሩ እየጠፋ የሚያስቸግር አሮጌ አይሱዙ፤ ፖምፓው ከመፈታቱ በፊት

ከመቂ አትክልት ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚነሳ መኪና ትርፍና ኪሳራው የሚለየው ማሳው ላይ ብቻ ሳይሆን መንገዱም ላይ ነው። ለምሳሌ 50 ኩንታል ሽንኩርት የጫነ አንድ አይሱዙ ሞተሩ እየጠፋ አስቸግሮት ከማለዳው ገበያ ቢያረፍድና በኩንታል የ200 ብር ቅናሽ ቢደርስበት፣ ባለ ዕቃው በአንድ ጉዞ 10 ሺህ ብር አጣ ማለት ነው። የመካኒኩ፣ የመለዋወጫውና የመጎተቻው ሒሳብ ገና አልተነሳም። ጭነቱ ቲማቲም ከሆነ ደግሞ በየሳጥኑ የሚፈርሰውም አብሮ ይቆጠራል።

ችግሩ ከመኪናዎቹ ዕድሜ ጋር የተያያዘ ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ወደ አገር ሲገቡ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር ታክሱም ከፍ እንዲል ስላደረገ፣ እዚሁ ያለውን አሮጌ መኪና ጠግኖ ማሠራት ይበልጥ የሚያዋጣ አማራጭ ሆኗል። ይሁን እንጂ ጥገናው በምርመራ ካልተመራ ቁጠባው ወደ ኪሳራ ይለወጣል። ሞተሩ በጠፋ ቁጥር “ፖምፓው ነው” ተብሎ ይፈታል፤ ይታደሳል፤ ሒሳብ ይከፈላል። መኪናው ግን እዚያው ዳገት ላይ ተመልሶ ይጠፋል። ጥፋቱ የአንድ ቱቦ ወይም የታንክ ክዳን ሊሆን ይችላል።

የናፍጣ ሞተር ምን ይፈልጋል?

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ አይሠራም። ፒስተኑ አየሩን አምቆ ሲያግለው፣ በኖዝሉ የሚረጨው ናፍጣ በግለቱ ይቀጣጠላል። በመሆኑም ሞተሩ ሳይጠፋ እንዲሄድ ንጹሕ ናፍጣ፣ በቂ አየርና በቂ እመቃ ያስፈልገዋል። እመቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚደክመው ቀስ በቀስ ነው። ትናንት ደህና የነበረ መኪና ዛሬ መንገድ ላይ ከጠፋ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የናፍጣው መንገድ ነው።

ይህ መንገድ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ናፍጣው ከታንኩ ተስቦ በቱቦና በውሃ መለያው አልፎ ወደ ማቅረቢያ ፖምፓው የሚመጣበት ነው። ሁለተኛው በግፊት ተገፍቶ በፊልትሮና በዋናው ፖምፓ በኩል ወደ ኖዝሎቹ የሚደርስበት ነው። በግፊቱ ክፍል ቀዳዳ ካለ ናፍጣው ወደ ውጭ ስለሚንጠባጠብ በዓይን ይታያል። በመሳቢያው ክፍል ግን ሞተሩ ሲሠራ ናፍጣ አይወጣም፤ አየር ይገባል። ከሥር ምንም ሳይረጥብ ሞተሩ የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የት ጠፋ? እንዴት ጠፋ?

መቂ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ ትገኛለች። መንገዱ በዓለም ጤናና በቆቃ አድርጎ ሞጆ ሲደርስ ወደ 1,800 ሜትር፣ ቢሾፍቱ ላይ ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከ2,200 ሜትር ያልፋል። የጫነ መኪና ይህን ሁሉ ሲወጣ ሞተሩ ባዶውን ቆሞ ከሚፈልገው ብዙ እጥፍ ናፍጣ ይፈልጋል። ስለዚህ በከፊል የተዘጋ ፊልትሮ መቂ ገበያ ላይ ምልክት ሳያሳይ ይቆይና ከሞጆ በኋላ ጉዱ ይወጣል። “ጋራዥ ስወስደው ደህና ይሆናል” የሚባለው አቤቱታ ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው፤ ጋራዡ የሚፈትሸው ያልጫነውን መኪና ነው።

በዚህም ምክንያት ባለንብረቱ ሹፌሩን “ምን ሆነ?” ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ “የት፣ መቼና እንዴት ጠፋ?” ብሎ ቢጠይቅ ይጠቀማል። መልሱ ግማሽ ምርመራ ነው።

ዳገት ላይ ጉልበት እያጣ ቀስ ብሎ ከጠፋ፣ ናፍጣ አልደረሰውም ማለት ነው፤ የሚጠረጠረው ፊልትሮው፣ ታንኩ ውስጥ ያለው ማጥለያ ወይም የክዳኑ መተንፈሻ ነው። አድሮ ጠዋት ከተነሳ በኋላ እየተርገበገበ የሚጠፋ ከሆነ፣ ሌሊት አየር ገብቶ ናፍጣው ወደ ታንኩ ተመልሷል። ታንኩ ከግማሽ በታች ሲሆን ብቻ የሚጠፋ ከሆነ፣ ታንኩ ውስጥ ያለው የመሳቢያ ቧንቧ መሰንጠቁ ይጠረጠራል። ቁልፍ እንደተዘጋበት ድንገት ድርቅ ብሎ ከጠፋ፣ የሞተር ማጥፊያው ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦው ይታይ። ከመጥፋቱ በፊት ጥቁር ጭስ ካወጣ፣ በማሳ መንገድ አቧራ የታፈነው የአየር ፊልትሮ ይመርመር። የሙቀት መለኪያው ወደ ላይ ወጥቶ ከጠፋ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሳይበርድና የራዲያተሩ ውሃ ሳይታይ እንደገና ማስነሳት ሞተሩን መግደል ነው።

ከርካሹ ወደ ውዱ

የምርመራው ቅደም ተከተል የሒሳብ ጉዳይ ነው። ገንዘብ የማይጠይቀው ፈተና ይቅደም፤ ብዙ ብር የሚያስወጣው ለመጨረሻ ይቆይ።

አንደኛ፣ የታንኩ ክዳን ነው። ናፍጣው ሲቀንስ በምትኩ አየር መግባት አለበት። መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ፣ ወይም ክዳኑ ጠፍቶ አፉ በፌስታል ከታሰረ፣ ታንኩ ራሱ ናፍጣውን ወደ ኋላ ይስበዋል። መኪናው ሲጠፋ ክዳኑ ቢከፈትና አየር “ፉሽ” ብሎ ሲገባ ቢሰማ፣ ከዚያም ሞተሩ ተነስቶ ደህና ቢሄድ፣ ችግሩ ተገኝቷል።

ሁለተኛ፣ ውሃ ነው። ከውሃ መለያው ሥር ጥቂት ናፍጣ ወደ ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ወርዶ ይቀመጥ። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከሥር ይለያል። ነዳጅ እጥረት ሲሆን ከበርሜልና ከጀሪካን የሚቀዳ ናፍጣ ውሃና ዝቃጭ ይዞ የመምጣት ዕድሉ ሰፊ ነው። ውሃ ከተገኘ ፊልትሮ መቀየሩ ብቻውን አይበቃም፤ ታንኩም ወርዶ መታጠብ አለበት። አለበለዚያ አዲሱ ፊልትሮ በጥቂት ጉዞ ውስጥ እንደ አሮጌው ይሆናል።

ሦስተኛ፣ አየር ነው። በእጅ በሚገፋው ፖምፓ እየተገፋ የአየር ማስወጫው ቡሎን ሲላላ፣ አረፋው ጥቂት ቆይቶ ጠርቶ ንጹሕ ናፍጣ ከወጣ መልካም ነው። አረፋው የማያቋርጥ ከሆነ ግን በመሳቢያው በኩል የተሰነጠቀ ቱቦ፣ የላላ ማሰሪያ ወይም ያረጀ ጓርኒሲዮን አለ።

አራተኛውና ወሳኙ የጀሪካን ፈተና ነው። ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ጀሪካን ከፍ ብሎ ይታሰርና፣ ከታንኩ የሚመጣው ቱቦ ተፈቶ ሞተሩ በሌላ ንጹሕ ቱቦ ከጀሪካኑ እንዲስብ ይደረጋል፤ መመለሻውም ወደዚያው ይገባል። ሞተሩ በዚህ ሁኔታ ሳይጠፋ ከሠራ ጥፋቱ ከታንኩ እስከ ተፈታው ቦታ ድረስ ነው፤ ዋናውን ፖምፓ መፍታት አያስፈልግም። ከጀሪካኑም እየሳበ ከጠፋ፣ ፊልትሮው አዲስ ከሆነና አየርም ከሌለ፣ ያን ጊዜ ፖምፓውና ኖዝሎቹ በመፈተሻ ማሽን ላይ ቢወጡ ገንዘቡ በከንቱ አይወጣም። በተለይ ሞተሩ ሲግል ጠፍቶ ሲበርድ ብቻ የሚነሳ ከሆነ፣ የግለቱ ቀጭን ናፍጣ ባረጀው ፖምፓ ውስጥ እያመለጠ መሆኑ ይጠረጠራል።

ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሞተሩ በርዶ፣ ሲጋራ ሳይጨስ የሚደረግ ነው። በኮምፒውተር የሚታዘዙ አዳዲስ ሞተሮች ናፍጣውን ከ1 ሺህ ባር በሚበልጥ ግፊት ስለሚገፉት ቱቧቸውን በእጅ መፍታት ቆዳ በስቶ የሚገባ አደጋ ያስከትላል። የጀሪካኑ ፈተና ለአሮጌዎቹ ነው።

ለገዢም ለሻጭም

ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተሙትና በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ለመጋራት ባበቃቸው ጥናት የያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ ምሳሌ አድርገው ነበር። ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት ገዢው ካላወቀ፣ ገዢው ለሁሉም መኪና ዝቅተኛ ዋጋ ይሰጣል፤ ደህናውን መኪና የያዘውም ከገበያ ይሸሻል። የአሮጌ አይሱዙ ገበያም ከዚህ አይለይም። “ይጠፋል” የሚል ወሬ የወጣበት መኪና የሚቆረጥበት ብር፣ ጥፋቱን ለማስጠገን ከሚበቃው ሊበልጥ ይችላል።

ስለዚህ ሻጭ ከመሸጡ በፊት ጥፋቱን አስመርምሮ የፊልትሮውንና የጥገናውን ደረሰኝ ይዞ ቢቀርብ ዋጋውን ያስከብራል። ገዢና ደላላ ደግሞ መኪናውን በርዶ ሳለ ማስነሳት፣ ታንኩ ከግማሽ በታች ሆኖ መንዳትና ጭኖ ዳገት ማስወጣት ይገባቸዋል። ፊልትሮው አዲስ ሆኖ ታንኩ ዝቃጭ ከሆነ፣ ጥፋቱ ተሸፍኗል እንጂ አልተነሳም።

መኪና ለሚያሠራ ባለንብረት የሚበጀው በሹፌሩ እጅ አንድ ደብተር ማስቀመጥ ነው። ሞተሩ የጠፋበት ቦታ፣ ሰዓቱ፣ የጭነቱ መጠንና የታንኩ ልክ ይጻፍበት። ሦስት ጊዜ ከተጻፈ በኋላ መካኒኩ ከየት እንደሚጀምር ይታወቃል፤ ባለንብረቱም የሚከፍለው ለግምት ሳይሆን ለጥገና ይሆናል።