ከሬዚን የሚወጣ የቃኘው ወታደር

ሬዚን ሁለት ፈሳሾች ሲቀላቀሉ በደቂቃዎች ውስጥ የሚጠነክር ፕላስቲክ ነው። ቀራጩ በመጀመሪያ የሚፈልገውን ሰው ከጭቃ፣ ከሰም ወይም ከኤፖክሲ ይቀርጻል፤ ዛሬ ዛሬ በኮምፒውተር ተቀርጾ በስሪዲ ማተሚያ የሚወጣውም በርክቷል። በዚህ ዋና ቅርጽ ላይ ሲሊኮን ፈስሶ ሞልድ ይወጣል፣ ሞልዱ ውስጥ ደግሞ ሬዚኑ ይፈስሳል። እንዲህ የተባዛው የግማሽ አካል ሐውልት፣ ማለትም ከደረት በላይ ያለው ምስል፣ ሳይገጣጠምና ሳይቀባ በትንሽ ካርቶን ታሽጎ ይሸጣል። ቀሪው ሥራ የገዢው ነው። በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰዎች የዕረፍት ሰዓታቸውን የሚያሳልፉበት ሙያ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

የግማሽ አካል ሐውልት ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በአብዮቱ 10ኛ ዓመት ምሥራቅ ጀርመን ለአዲስ አበባ የሰጠችው፣ ዮ ያስትራም የቀረጸው የካርል ማርክስ ራስ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አቅራቢያ ዛሬም ቆሟል። ልዩነቱ የመጠን ነው። በትርፍ ጊዜ የሚሠሩት አብዛኞቹ አንድ አሥረኛ (1/10) ተብለው የተመጠኑ ናቸው። የአዋቂ ሰው ራስ ከአገጭ እስከ አናት 23 ሴንቲሜትር ያህል ቢሆን፣ በዚህ መጠን 2.3 ሴንቲሜትር ይሆናል። የዓይኑ ብሌን ዙሪያ ያለው ቡናማ ክብ ከ1 ሚሊሜትር እምብዛም አይበልጥም። ትንሽ ቢሆንም ግን ከሙሉ ቁመና ምስል ይልቅ ፊት ጎልቶ ስለሚታይበት፣ ሠሪው ስለ ሰውየው ማንነት የሚናገርበት ሰፊ ቦታ ያገኛል።

ካርቶኑ ውስጥ ያለው ሰው ግን ሁልጊዜ የሚፈለገው ሰው አይደለም። ለገበያ የሚቀርቡት ምስሎች በብዛት የአውሮፓና የአሜሪካ ወታደሮች፣ የሮማ መቶ አለቆች፣ ሳሙራዮችና የልቦለድ ገጸ ባሕርያት ናቸው። የራሱን አገር ሰው መሥራት የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ያለውን ምስል መለወጥ ይኖርበታል። ከሙያው ሁሉ በላይ ዕውቀት የሚጠይቀውም ይህ ለውጥ ነው።

ለለውጥ ከሚመቹት ሁሉ የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ወታደር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከክቡር ዘበኛ ተውጣጥቶ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተውና በራስ መኮንን ፈረስ ስም የተጠራው ይህ ጦር፣ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተሰልፎ ተዋጋ። ጦርነቱ በሐምሌ 1945 ዓ.ም. በተኩስ አቁም እስኪቆም ድረስ በየተራ የዘመቱት ከ3000 በላይ ነበሩ፤ ከ120 በላይ ሲወድቁ አንድም ሰው አልተማረከባቸውም። የለበሱት የአሜሪካ ደንብ ልብስ፣ የደፉት ኤም 1 የሚባለውን የብረት ቆብ፣ የያዙትም የአሜሪካ ጠመንጃ ነበር። ስለዚህ የኮሪያ ዘመን አሜሪካዊ እግረኛ የሆነ ማንኛውም የሬዚን ምስል ከአንገት በታች ለቃኘው ወታደር ይስማማል። የሚቀረው ፊቱ ነው፤ ፊቱ ደግሞ ዋናው ነገር ነው።

ሥራው ከማጠብ ይጀምራል። ሬዚኑ ከሞልዱ በቀላሉ እንዲላቀቅ የሚቀባው ቅባት ላዩ ላይ ስለሚቀር፣ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ካልታጠበ ቀለም አይይዝም። ከዚያ ሬዚኑ የፈሰሰበት ጉቶ በቀጭን መጋዝ ይቆረጣል፣ የሞልዱ መገጣጠሚያ የተወው መስመር በምላጭ ተፍቆ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። እዚህ ላይ ቸል የማይባል ነገር አለ፦ የሬዚን ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው። ብርጭቆ ወረቀቱን ውኃ ውስጥ እየነከሩ መፈግፈግና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ ግዴታ ነው። ራሱ ለብቻው የመጣ ከሆነ አንገቱ ውስጥ ቀዳዳ በስቶ የነሐስ ሽቦ መክተት፣ ከዚያም በሱፐር ግሉ ማጣበቅ ይሻላል፤ ሽቦ የሌለው አንገት አንድ ጊዜ ሲወድቅ ይለያያል።

አሁን ወደ ፊቱ። የአሜሪካዊውን ፊት ቡናማ ቀብቶ «ኢትዮጵያዊ ነው» ማለት ብዙ ጊዜ የሚታይ ስንፍና ነው፤ ውጤቱም የማንም ያልሆነ ፊት ነው። አንድ ወጥ የኢትዮጵያዊ ፊት የሚባል ነገርም የለም። የክቡር ዘበኛ ወታደሮች ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር የመጡ ስለነበሩ አንዱ ሰልካካ አፍንጫ፣ ሌላው ሰፊ ግንባር፣ ሌላው ሞላ ያለ ከንፈር ነበረው። ትክክለኛው መንገድ የአንድ የታወቀ ዘማች ፎቶግራፍ መርጦ ያንን ሰው መሥራት ነው። ከፊት ለፊትና ከጎን የተነሣው ሁለት ፎቶ ቢገኝ ሥራው በግማሽ ቀለለ ማለት ነው።

መለወጫው ሁለት ቀለም ያለው፣ እኩል እኩል ተቆርሶ እንደ ሊጥ የሚታሽ ኤፖክሲ ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው የዌልሱ ሚሊፑት ከታሸ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል እንደልብ ይቀረጻል፣ በጥቂት ሰዓታት ደግሞ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። መጀመሪያ የሚቀነሰው ይቀነሳል፦ የአፍንጫው ጫፍ፣ የአገጩ ስፋት፣ ያልተፈለገው ጉንጭ በምላጭ ይፋቃል። ከዚያ የሚጨመረው በሩዝ ፍሬ መጠን እየተቆነጠረ ይለጠፋል። ጉንጭ አጥንቱ ሲጎላ ከሥሩ ያለው ጉድጓድ ራሱ ይመጣል። የላይኛው ሽፋሽፍት ቀጭን ክር ሆኖ ይጋደማል፤ ከንፈሩ ዳርና ዳር በጥርስ መፋቂያ ሹል ጫፍ ይጫናል። ሚሊፑት ሳይደርቅ በውኃ ስለሚሟሟ እርጥብ ብሩሽ ጠርዙን አስተካክሎ ከሬዚኑ ጋር ያዋህደዋል። ሁሉንም በአንድ ቀን ለመጨረስ መቸኮል ግን አይበጅም፤ ግራው ሳይደርቅ ቀኙን የነካ ጣት የሠራውን ያፈርሳል።

ልብሱ ላይ የሚሠራው ጥቂት ነው። የግራ ትከሻው ከተቆረጠው ክፍል በላይ የሚታይ ከሆነ የ7ኛ ክፍለ ጦር ምልክት፣ ማለትም በቀይ ክብ ላይ ያለ ጥቁር የአሸዋ ሰዓት ቅርጽ ይሳልበታል። የብረት ቆቡ ማሰሪያ ብዙ ጊዜ አገጭ ላይ አይታሰርም፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ቆቡ ላይ ይያዝ ነበር። ይህ በቀጭን የቆርቆሮ ቅዳጅ ይሠራል።

ወደ ኋላ ሄዶ የዓድዋን ወይም የአምስቱን ዓመት አርበኛ መሥራት የሚሻ ሌላ ዓይነት ችግር ይገጥመዋል፤ እዚያ ፊቱም ልብሱም መለወጥ አለበት። የአርበኛው ጎፈሬ የሚወጣው ራሱ ላይ የተለጠፈው ኤፖክሲ ሳይደርቅ ጠጉሩ በተቆረጠ ጠንካራ ብሩሽ ደጋግሞ በመወጋት ነው። ለነጠላና ለጋቢ ከኤፖክሲ ይልቅ በውኃ በቀጠነ የእንጨት ኮላ የተነከረ ሶፍት ይመረጣል። እርጥብ እያለ ትከሻው ላይ ሲጣል እውነተኛው ጥጥ እንደሚታጠፈው ይታጠፋል።

ቀለም ከመቀባቱ በፊት ፕራይመር የሚባለው የመነሻ ሽፋን ያስፈልጋል። የተለመደው ዘዴ ሁሉንም ጥቁር ከነፉ በኋላ ከአናቱ በኩል ብቻ ነጭ መንፋት ነው። የቆቡ ጥላ የት እንደሚያርፍ፣ ጉንጩ የት ብርሃን እንደሚያገኝ ወዲያው ይታያል፤ ቀቢው ይህን እንደ ካርታ ይከተላል።

ቆዳ መቀባት የሥራው ልብ ነው። በውጭ አገር የሚታተሙ መመሪያዎች የሚበዙት ነጭ ቆዳን የሚያስተምሩ ስለሆኑ፣ በእነሱ መንገድ ብርሃኑን ለማሳየት ነጭ የጨመረ ሰው ፊቱን አመዳም ያደርገዋል። ለጠይም ቆዳ መነሻው በርንት ሲየና ከትንሽ በርንት አምበር ጋር ነው። ለቀይ ዳማው ኦከር ይጨመርበታል፤ ለጥቁሩ አምበሩ በዝቶ ጥቂት ሰማያዊ ይገባበታል። ጥላው በጥቁር ቀለም ሳይሆን በቡናማና በወይን ጠጅ ቅልቅል ይጠልቃል። ብርሃኑ ወደ ኦከርና ወደ ብርቱካንማ ይወጣል እንጂ ወደ ነጭ አይሄድም። ጥቁር ቆዳ ብርሃንን በቀለሙ ብቻ ሳይሆን በወዙም ስለሚያሳይ፣ ግንባር፣ የአፍንጫ አጥንትና ጉንጭ ላይ መጨረሻ የሚጨመረው ስስ ፈዛዛ ሰማያዊ የሰማዩን ነጸብራቅ ያመጣል። የታችኛው ከንፈር መሐል ቀላ ይላል፣ የላይኛው ጠቆር። ጢሙ ለተላጨው ወታደር አገጩ ላይ ግራጫ ያለበት በጣም ስስ ቡናማ ይበቃል።

አክሪሊክ ቶሎ ስለሚደርቅ እነዚህ ሁሉ በውኃ እየቀጠኑ ሽፋን በሽፋን ይደረባሉ። የዘይት ቀለም በተቃራኒው ለሰዓታት እርጥብ ስለሚቆይ ሁለት ቀለም በንጹሕ ብሩሽ እየነካኩ ድንበሩን ማጥፋት ይቻላል። ብዙዎቹ ልምድ ያላቸው ሰዎች ከታች አክሪሊክ፣ ከላይ ዘይት ያደርጋሉ፤ ለጀማሪም ይህ መንገድ የተሻለ ነው።

ዓይን ስሕተት የማይሸሸግበት ቦታ ነው። ነጩ ክፍል ነጭ አይቀባም፤ ትንሽ ኦከርና ግራጫ ያለበት መሆን አለበት። ከላይ ሽፋሽፍቱ የሚጥለው ጥላ ቀጭን ቡናማ መስመር ሆኖ ይሰመራል። ቡናማው ክብ የላይኛውን ሽፋሽፍት ካልነካ ሰውየው የደነገጠ ይመስላል። በመጨረሻ ሁለቱም ዓይኖች ላይ በአንድ በኩል የምትቀመጥ የብርሃን ነጥብና የሚያብለጨልጭ ቨርኒሽ ጠብታ ሕይወት ይሰጡታል። የብረት ቆቡ ግን መብለጭለጭ የለበትም። የዘመኑ ቆቦች እንዳያብረቀርቁ ቀለማቸው ላይ የቡሽ ፍርፋሪ ወይም አሸዋ ይደረግባቸው ስለነበር፣ እርጥብ ቀለም ላይ በጣም ደቃቅ ዱቄት ነስንሶ ያንን ሸካራነት ማምጣት ይቻላል።

ከወታደር ሌላ፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ለቱምና ለማጂ አካባቢ ሰው የሚያጓጓ ርእስ ቅርብ ነው። ከማጂ ደጋ ወርደው ወደ ኪቢሽ ሲሄዱ የሚገኙት የሱሪ ብሔረሰብ ሰዎች ነጭ አፈርና ቀይና ቢጫ የድንጋይ ዱቄት በውኃ በጥብጠው ፊታቸውንና ገላቸውን ያስጌጣሉ። ነጩን ቀብተው ሳይደርቅ በጣት ሲጠርጉት የገላቸው ቀለም በመስመር መስመር ይወጣል። በሬዚን ላይም እንዲሁ ነው የሚሠራው፦ ቆዳው ሙሉ በሙሉ ተቀብቶ በቨርኒሽ ከተጠበቀ በኋላ ወዝ የሌለው ነጭ ይለቀለቅና ሳይደርቅ በእንጨት ጫፍ ይጠረጋል። እንዲህ ያለ ሥራ ባለቤቶቹን ጠይቆና አይቶ ካልተሠራ ጌጡን ትርጉም አልባ ዝንቅ ያደርገዋል።

የደቡብ ምዕራቡ አየር የራሱን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቴፒና ሚዛን ተፈሪ ከዓመቱ አብዛኛውን ወር ዝናብ አያጡም። የጠነከረ ሬዚን እርጥበት አይጎዳውም፤ ፈሳሹ ግን እርጥበት ሲነካው ጋዝ ፈጥሮ አረፋ ያወጣል፤ ስለዚህ ጠርሙሱ ተከድኖ ይቀመጣል። የሚረጭ ቨርኒሽም በእርጥብ አየር ላይ እንደ ጉም ነጭ ይላል። ፀሐይ በወጣበት እኩለ ቀን መርጨት፣ ካልሆነ በብሩሽ የሚቀባውን መጠቀም ይሻላል። የዘይት ቀለም እንዲደርቅ ከደረቅ አገር ይልቅ ብዙ ቀን መታገሥ ያስፈልጋል።

መቆሚያው እንጨት ከሩቅ መምጣት የለበትም። ያረጀ ቡና ሲጎነደል የሚወድቀው ግንድ ፈዘዝ ያለ ቢጫማ፣ ጠንካራና ድርና ማጉ የጠበቀ እንጨት ነው። ቀጭን መሆኑ ለቤት ዕቃ ባይመችም ለ1/10 ምስል መቆሚያ በቂ ነው። ሁለቱ ጫፎቹ በሰም ተደፍነው በጥላ ቀስ ብሎ ከደረቀ አይሰነጠቅም፤ ቶርኖ የሌለው ሰው በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ሊያስተካክለው ይችላል። ምስሉ ከደረቱ ሥር በወፍራም ሽቦ ይተከልበታል፣ ከመቆሚያው በታች የሰውየው ስምና የዘመተበት ዓመት ይጻፋል።

ለዚህ ሁሉ ግን ፎቶግራፍ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ አፍንጮ በር የሚገኘው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ጥሩ መነሻ ነው፤ ይሁንና የዘማቾቹ ብዙ ምስሎች በየቤተሰቡ ሳጥን ውስጥ እየደበዘዙ ነው። የአባታቸው ወይም የአያታቸው የቃኘው ፎቶግራፍ ያላቸው ቤተሰቦች ከፊትም ከጀርባም በስልክ አንሥተው፣ ስሙንና ዓመቱን ጽፈው ቢያስቀምጡና ለሚጠይቃቸው ወጣት ቢያሳዩ፣ ቀራጩ የሚሠራው ፊት የእውነተኛ ሰው ፊት ይሆናል።