ሰርዶ በጎልፍ ሜዳ

ደንቢያ ውስጥ ከገበሬ ቤት ያደገ ሰው ሰርዶን እንደ ጠላት ነው የሚያውቀው። የጤፍ መሬት ደጋግሞ የሚታረሰው አንድም ለእሱ ሲባል ነው። አባታችን ከማረሻው ኋላ እየተከተልን ሥሩን እንድንለቅምና ድንበር ላይ ከምረን ፀሐይ እንድናስመታው ያዘን ነበር። አንዲት አንጓ አፈር ውስጥ ከቀረች ክረምት ሲገባ ትዘረጋለች። በተረቱ አህያዋ ከሞቷ በኋላ እንዳይበቅል የተመኘችውም ይህንኑ ሣር ነው።

አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ የጎልፍ ሜዳ ሠራተኛ ሆኜ በተቀጠርኩበት ዓመት ክለቡ የድሮውን ሣር አጥፍቶ ቤርሙዳ የሚሉትን ለመትከል ይሰናዳ ነበር። ማቀዝቀዣ ያለው መኪና መጥቶ የተቆራረጠውን ሣር ሲያወርድልን እጄ አወቀው። አንጓው፣ መሬት ለመሬት የሚሳበው ግንድ፣ ከአፈር በታች የሚሄደው ነጭ ሥር፣ ሁሉም የሰርዶ ነው። ልዩነቱ ደቃቅነቱ ብቻ ነበር።

ያደቀቀው የሰው እጅ ነው። ግሌን በርተን የተባለ አዳቃይ በዚያው ጆርጂያ፣ ቲፍተን ከተማ፣ ተራውን ሰርዶ ከደቡብ አፍሪካ ከመጣ ቀጭን ዘመዱ ጋር አዳቅሎ ቲፍግሪንን በ1956፣ ቲፍዌይን በ1960 እ.ኤ.አ. አወጣ። ድቅሉ እንደ በቅሎ መካን ስለሆነ ዘር አይሰጥም፤ የሚተከለው በቁርጥራጭ ብቻ ነው። በኋላ ከዚሁ ቤተሰብ ይበልጥ የደቀቁ ዓይነቶች ተገኙና ክለቦቹ ተራ በተራ ወደ እነሱ ዞሩ። አትላንታ ያለው ኢስት ሌክ በ2008 እ.ኤ.አ. ቀየረ። በሰሜን ካሮላይና ስመ ጥሩ የሆነው ፓይንኸርስት ቁጥር 2 ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. ትልቁን የአሜሪካ ውድድር አስተናግዶ እንደጨረሰ ለወጠ።

ያን ሁሉ ወጪና ድካም ምን አመጣው? መልሱን የጎንደር ገበሬ በእርሻው ላይ ያውቀዋል። ሣሮች ምግባቸውን በሚያዘጋጁበት መንገድ ለሁለት ይከፈላሉ። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ሰርዶ በአንድ ወገን ናቸው፤ ስንዴና ገብስ በሌላው። የስንዴና የገብስ ወገን ሙቀት ሲበረታበት ከአየር የሚወስደውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚገባ መያዝ ያቅተዋል፤ በምትኩ ኦክስጅን እየያዘ ያፈራውን ጉልበት ያባክናል። የጤፍና የሰርዶ ወገን ግን ካርቦኑን መጀመሪያ ቅጠሉ ውስጥ አጠራቅሞ ነው ሥራውን የሚጀምረው። ስለዚህ ፀሐይ በከረረ ቁጥር ይበረታል፤ ለዚያው እድገት የሚፈጀው ውኃም ያነሰ ነው።

ከአትላንታ ሜዳ የተነሣው፣ ቤንትግራስ የተባለው ነባር ሣር ከገብስ ወገን ነው። የጎልፍ ግሪን፣ ማለትም ጉድጓዱ ያለበት መስክ፣ በየቀኑ እየታጨደ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። እንዲህ የተላጨ የቀዝቃዛ አገር ሣር በዚያ አገር የሐምሌ ሙቀት ሥሩ እያጠረ ይመጣል። እኛ ቀትር ላይ ጎማ ይዘን ቅጠሉን በውኃ እናቀዘቅዝ ነበር፤ ዳር ዳሩ ላይ ትልልቅ ማራገቢያዎች ቆመውለት ነበር። ሰርዶ ይህን ሁሉ አይጠይቅም።

ለውጡ የሚሠራው እንዲህ ነው። ነባሩ ሣር የእኛም ገበሬ በሚያውቀው የራውንድአፕ ዓይነት መድኃኒት ይገደላል፤ ሳምንታት ቆይቶ ብቅ ያለው እንደገና ይረጫል። ይህ ርጭት ከተዘለለ ነባሩ በአዲሱ መሐል ያቆጠቁጥና ሜዳው ዝንጉርጉር ይሆናል። ከዚያ መሬቱ ይበሳል፣ ይቧጨራል፣ ቁርጥራጩ ይበተናል፣ በመዳመጫ ተጭኖ ከአፈር ጋር ይገናኛል። ላዩ ላይ ስስ አሸዋ ይነሰነሳል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፈተና ናቸው፤ ሥር ያላወጣ ቁራጭ ከሰዓታት በላይ ከደረቀ ስለሚሞት ውኃው በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ይሰጣል። አንጓው ሥር ከሰደደ በኋላ ናይትሮጅን እየተጨመረ፣ እየታጨደ፣ አሸዋ እየለበሰ ይቀጥላል። በሰኔ የተተከለ ግሪን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሰው ይጫወትበታል።

አሁን የተመለስኩባት ጎንደር የጎልፍ ሜዳ የላትም። የእኔ ሥራ ዛሬ የእንግዳ ማረፊያና የመኖሪያ ግቢ ሣር መትከል ነው። እዚህ የማየው ነገር ያሳስበኛል። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ ሰው ጄሪካን ይዞ ወረፋ በሚጠብቅበት ከተማ፣ ከውጭ የመጣ የቀዝቃዛ አገር የሣር ዘር ተገዝቶ በጋውን ሙሉ ውኃ ይጠጣል። አንዲት ደንበኛዬ፣ «ልጄ፣ ሰርዶ ልትተክልብኝ ነው? አባቴ ሲነቅለው የኖረውን?» ብለው ተቆጥተውኛል። «እትዬ፣ እርሻ ላይ የሚያስጠላው ጥንካሬው ግቢ ውስጥ ይጠቅምዎታል» አልኳቸው። ዛሬ ልጆቻቸው ኳስ ይጫወቱበታል፤ የተረገጠው ቦታ ራሱ ይሞላል።

ሰርዶ ሁሉንም ይችላል ማለቴ አይደለም። ጥላ ይገድለዋል፤ ወይራና ዝግባ ሥር አይይዝም። ውኃ ካላገኘ ከጥር በኋላ ይጠወልግና ቡናማ ይሆናል፤ ሥሩ ግን ስለማይሞት በመጀመሪያው ዝናብ ይመለሳል። ያን ጊዜ ሞቷል ብሎ ነቅሎ ሌላ መትከል ትልቅ ኪሳራ ነው። ሌላም የአገር ልጅ አለ። የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ የሆነው ኪኩዩ ሣር ካሊፎርኒያ ተሻግሮ ሪቪዬራ የተባለውን ዝነኛ የጎልፍ ሜዳ አልብሷል።

ወደ ሰሜን ስንወጣ ነገሩ ይገለበጣል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ደባርቅ ወደ 2,850 ሜትር ትደርሳለች፤ የስሜኑ ግጭ ሜዳ 3,600 ሜትር ገደማ ነው። ደንቢያ ላይ ጤፍ፣ ደባርቅ ላይ ገብስ የሚዘራው በምክንያት ነው፤ የዱሩ ሣርም በዚያው ሥርዓት ይሄዳል። ከ10 ዲግሪ በታች ሰርዶ እድገቱን ያቆማል፤ ውርጭ ሲመታው ቅጠሉ ይደርቃል። ስሜን ላይ የብርዱ ጌታ ጓሳ ነው። ጓሳ ከገብስ ወገን ነው፤ በዘመድ ብንቆጥረው አትላንታ ላይ የተነቀለው ቤንትግራስ ለእሱ ይቀርባል።

የስሜን ሣር የደረሰበትን ብዙዎቻችን እናውቃለን። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ልቅ ግጦሽና እርሻ ስለበዛበት በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ በኋላ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ከመዝገቡ ወጣ። እዚያ ማንም ሣር አልተከለም፤ ግጦሹ ሲቀል የሚያገግመው ነባሩ ሣር ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ ዋና ምግቡ ሣር ስለሆነ የሜዳው ጤና የእሱም ህልውና ነው።

ጎንደር ላይ ግቢያችሁን ሣር ልታለብሱ ያሰባችሁ፣ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ካላችሁ ዘር ከመግዛታችሁ በፊት የሰፈር ሰርዶ ተመልከቱ። ዝናቡ ሲጸና፣ በሰኔ አጋማሽ፣ ሁለት ሦስት አንጓ ያለው ቁራጭ ቅበሩ፤ ቧንቧ ሳትከፍቱ ክረምቱ ያጠጣላችኋል። ከእርሻ ዳር ከሆናችሁ ድንበሩን በቦይ ለዩት፣ የጎረቤት ጤፍ ውስጥ እንዳይገባ። ከዳባት በላይ ያላችሁ ግን ሰርዶ አትውሰዱ፤ የራሳችሁን የደጋ ሣር ከከብት ከልሉት።