ማሰሻው ይበቅላል

በቦሌ አካባቢ አትክልት ከዘር ላብቅል ያለ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ሱፐርማርኬት ነው። ፊቱ ላይ ቀይ ቲማቲም የታተመበት የውጭ አገር እሽግ ይገዛል። ቤቱ ውስጥ ግን ከምጣዱ አጠገብ፣ በአሮጌ የወተት ጣሳ ውስጥ፣ ግቢውን ሙሉ ጎመን የሚያለብስ ዘር ተቀምጧል። ማሰሻ እያልን ምጣድ ስለምናስስበት፣ የሚዘራ ነገር መሆኑ ትዝ አይለንም።

ጎመን ዘር የኢትዮጵያ ደጋ ያፈራው ተክል ነው። የሳይንስ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ ሲሆን የተገኘው ከሁለት ዘመዳሞች መዳቀል ነው፤ ከጥቁር ሰናፍጭ 8፣ ከጥቅል ጎመን ወገን 9፣ በድምሩ 17 ጥንድ ክሮሞዞም ይዟል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችንን ዞሮ ዘር መልቀሙና ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መገኛዎች አንዷ አድርጎ መመዝገቡ ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ካናዳ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከዚህ ዘር ዘይት በተሠራ ነዳጅ ጄት በሯል። አውሮፕላን ጣሪያችን ላይ ሲያልፍ የሚውልብን የቦሌ ሰዎች ይህን አለማወቃችን ትንሽ ያሳፍራል።

ዘሩን ከቤት ካጣችሁ ሾላ ገበያ ቅመም ተራ ግቡ። አንድ ጊዜ እዚያ አንዲት እናት ዘንድ ቆሜ ጎመን ዘር ስጠይቅ፣ «ለማሰሻ ነው ልጄ?» አሉኝ። «ለመዝራት ነው እናቴ» ስላቸው ሳቁ። «እንደሱ አትለኝም! ይኼ የከረመ ነው፤ የዘንድሮውን ልስጥህ» ብለው ከኋላቸው ካለው ጆንያ በስኒ ሰፈሩልኝ። ዘር ገዢ ማወቅ ያለበት ዋናው ነገር ይኸው ነው። ለምጣድ የከረመውም ያገለግላል፤ ለመሬት ግን ትኩሱ ይሻላል። የተቆላና የተፈጨ እንደማይበቅል መናገር አያስፈልግም።

ከተጠራጠራችሁ ፈትኑት። ሶፍት አርጥባችሁ ሳህን ላይ አንጥፉ፣ 10 ፍሬ በትኑበት፣ በፌስታል ሸፍናችሁ ምድጃው አካባቢ አስቀምጡት። በሳምንት ውስጥ 7 ወይም 8ቱ ነጭ ጭራ ካወጡ ዘሩ ደህና ነው። 3 ብቻ ከበቀሉ ለምጣዱ መልሱት።

ስለ ማሰሮና ስለ አፈር ብዙ አልልም። ቤት የተቀባ ሰሞን የሚጣለው የቀለም ባልዲ በደንብ ታጥቦ፣ ሥሩ በጋለ ምስማር ከተበሳሳ ይበቃል። አፈሩ ግን ከደጅ የተዛቀ ንጹሕ ዋልካ አይሁን። የቦሌና የገርጂ ጥቁር አፈር ሲረጥብ እንደ ማስቲካ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አሸዋና የበሰለ ፍግ ካልተቀላቀለበት ለጋ ሥር አያስገባም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። በየኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ዘር የሚገድለው ብርድ ወይም ተባይ ሳይሆን ፍቅር ነው። ሰው ጎመን ዘርን እንደ ባቄላ ጣቱን ሰዶ ይቀብረዋል። ይህች የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ነገር ስንቋ ጥቂት ነው፤ ብርሃን ሳታይ አፈር ውስጥ ያልቅባታል። ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ አፈር አታልብሷት። ከዚያ ደግሞ የውኃው ጎርፍ አለ። በጆግ የተንቆረቆረ ውኃ ዘሩን ጠርጎ አንድ ጥግ ይከምረዋል፤ የበቀለውም ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጠቁሮና ቀጥኖ ይወድቃል። ይህ ሁልጊዜ በረጠበ አፈር ውስጥ የሚነሳ የሻጋታ በሽታ ነው። የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳን በመርፌ በሱና ጠዋት ጠዋት አርከፍክፉበት፤ የላይኛው አፈር ገና እርጥብ ከሆነ ተዉት።

ቡቃያው ተጨናንቆ ሲወጣ አትሳሱ፤ አሳሱት። የሚነቀለው ለጋ ጎመን ራሱ ወጥ ነው። ከቀሩት የታች ታቹን ቅጠል እየቀነጠሳችሁ ለወራት ትበላላችሁ። በመጨረሻ ጠንካራ ጠንካራዎቹን ለዘር ተዉ፤ ቢጫ አበባ ያወጣሉ፣ ንብ ይጠራሉ፣ ከዚያ ቆባቸው ይደርቃል። ጎመን ዘር በብዛት የሚራባው በራሱ ወንዴ ዘር ስለሆነ ልጁ እናቱን ይመስላል። ኤፍ 1 ተብሎ ከተሸጠ ድቅል ቲማቲም ዘር ብታስቀሩ ግን በሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚወጣ አታውቁም።

የቅመም መደርደሪያው ሌላም ይሰጣል። ፌጦ በሁለት ሦስት ቀን ስለሚበቅል ለልጆች ማስተማሪያ ወደር የለውም። የድንብላል አንዱ እንክብል ሁለት ዘር የያዘ ፍሬ ነው፤ በመዳፍ ጫን ብላችሁ ብታሹት ለሁለት ይከፈላል። በሶብላ ደግሞ ውኃ ሲነካው ዙሪያውን ግራጫ ዝልግልግ ነገር ይለብሳል፤ የተበላሸ መስሏቸው የሚጥሉ አይቻለሁ። ያ ልባስ እርጥበት መያዣው ነው። በሶብላ ብርድ ስለማይወድ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት እስኪያልፍ ጠብቁ።

የታሸገ ዘር አትግዙ ማለቴ አይደለም፤ ቆስጣም ሰላጣም ቀይ ሥርም ከዚያው ነው የምዘራው። ብዙዎቹ እሽጎች ጀርባ ላይ ያለው የመዝሪያ ወር ግን ለአውሮፓ የተጻፈ ነው። እነሱ የሚፈሩት የክረምት በረዷቸውን ነው፤ እኛን የሚገዛን ዝናብ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ብርሃን የሚጠብቅ የሰሜን አገር ሽንኩርት እዚህ ቢዘራ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል። እንደ አዳማ ቀይና ቦምባይ ቀይ ያሉት ግን በእኛ ቀን ርዝመት ራስ ይቋጥራሉ።

ከአበባ አደይን እመርጣለሁ። በጥቅምት መጨረሻ ከአያት ማዶ ካልታጠረ ሜዳ የደረቀ ፍሬዋን ልቀሙና ክረምት ሲገባ በትኑት፤ ሜዳው በየዓመቱ እየታጠረ ነውና አትዘግዩ።

ለጎመን ግን ክረምትን መጠበቅ አያሻም። በግንቦት በረንዳ ላይ ጀምራችሁ ጠንከር ሲል ወደ ደጅ አውጡት፤ ለጋውን የሐምሌና የነሐሴ በረዶ እንዳይመታባችሁ ከጣሪያ ሥር አቆዩት። በመስከረም የዘራ ደግሞ ውኃ እያጠጣ እስከ ገና ይበላል። በሚቀጥለው ጊዜ ጎመን ዘር ለማሰሻ ስታስፈጩ አንድ ስኒ ጥሬውን አስቀሩ፤ እርጥበት በማይገባው ብልቃጥ ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩት፣ የገዛችሁበትንም ወር ጻፉበት።