የረመዳን ገበያ ጨረቃ ሳትታይ ይታሰብ

ረመዳን ሲቃረብ በየቤታችን ሸመታው ይበረታል። ተምሩ፣ ዘይቱ፣ የሳምቡሳው ዱቄትና ምስር፣ ለሾርባ የሚሆነው አጃ በአንድ ሰሞን ይፈለጋል። ፈላጊ ሲበዛ ደግሞ ዋጋ የሚቆልል፣ ሚዛን የሚያጎድል፣ ጊዜው ያለፈበትን ተምር ከአዲሱ ጋር ቀላቅሎ የሚያቀርብ አይጠፋም። በዕለት ገቢ ለሚኖር ቤተሰብ ከኪሎ ላይ የጎደለችው 100 ግራም ከልጆች ማፍጠሪያ ላይ የተነሳች ናት። በሐቅ የሚነግደውም ነጋዴ ቢሆን በዚህ ይጎዳል።

ሸማቹን የሚጠብቅ ሕግ አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይና ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዝዛል። ሸማቹ ዕቃ ስላየ ወይም በዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም። ጉድለት ያለበት ዕቃ ከገዛም ማስረጃውን ይዞ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ይህን ሕግ ሱቁ ደጃፍ ድረስ ማድረስ ያለበት ግን ለነዋሪው ቅርብ የሆነው የወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። እርሱም የሚንቀሳቀሰው በዕቅዱ ልክ ነው።

በዕቅዱ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ረመዳን ደግሞ በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚሄድ በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀናት ቀደም ብሎ ይገባል። በ2016 ጾሙ የተጀመረው መጋቢት 2 ሲሆን በ2017 ግን የካቲት 22 ነበር። የአምናውን ዕቅድ ቀኑን ሳይነካ የገለበጠ ጽሕፈት ቤት ቁጥጥር ሲጀምር ብዙዎቻችን አስቤዛችንን ጨርሰን እንጠብቀዋለን።

ሰዓቱም እንዲሁ መታሰብ አለበት። የረመዳን ገበያ የሚደምቀው ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ አዛን ባለው ጊዜ ነው። በመደበኛው የሥራ ሰዓት ግን የቢሮ ሠራተኛ 11፡30 ላይ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ በዚህ ወር የቁጥጥር ሠራተኞች በፈረቃ እንዲመደቡ በዕቅዱ ላይ መስፈር ይኖርበታል።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ተቆለለ እህል አስገብተው ከሥሩ እርጥበት ማግኘታቸውና ሻጩን መገሠጻቸው በሐዲስ ተዘግቧል። የወረዳው ተቆጣጣሪም ከላይ የተደረደረውን አይቶ ማለፍ የለበትም። ሚዛኑን በሚታወቅ ክብደት ይፈትሽ፤ ካርቶኑን ከፍቶ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን ይመልከት፤ መጋዘን ተቆልፎበት የተከማቸ ዘይት ካለ ይጠይቅ።

የወረዳው ምክር ቤትም ሥራ አለበት። ሪፖርት ሲቀርብለት ስንት ሱቅ እንደተጎበኘ ሰምቶ ማጨብጨብ አይበቃም። ስንት ሚዛን ተፈተሸ? ስንት አቤቱታ ቀረበ፤ በስንት ቀንስ መልስ አገኘ? የታሸገው ሱቅ ሲከፈት ጥፋቱን አርሞ ነበር? ብሎ መጠየቅ አለበት። ዕቅዱ ሲዘጋጅም የመስጊድ ጀመዓዎች፣ የዕድሮችና የሸማቾች ማኅበራት ተወካዮች ቢጠሩ የትኛው ገበያ መቼ እንደሚጨናነቅ ከማንም በላይ ይናገራሉ።

በእኛ በኩል ደረሰኝ መጠየቅን አንፈር። ተምር ስንገዛ ቀኑን እንይ፤ የተመዘነልንን ቤት ባለ ሚዛን እናረጋግጥ። ሲጎድልብን በቡና ላይ አውርተን ከመተው፣ ደረሰኙን ይዘን የሱቁን አድራሻና ቀኑን በጽሑፍ ለወረዳው እናመልክት። አቤቱታ ያልቀረበበት ሰፈር በሪፖርት ላይ ችግር የሌለበት ሰፈር ሆኖ ይታያልና።

ወሩ ሲጋመስ የዒድ ልብስና ጫማ ገበያ ይከተላል። ለእርሱ ለመዘጋጀት አሁንም ጊዜ አለ። መልካም የጾም ወር።