የመድኃኒት መወደድ ገበያ ያደራለት የዓይን መሣሪያ

አዲስ ዕቃ ጥራት ስላለው ብቻ አይሸጥም። ገዥው ምን እንደሚያደርግበት ማወቅ አለበት። የጀርመኑ ካርል ዛይስ ኩባንያ በ1996 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ ያቀረበው የሬቲና መመርመሪያ የገጠመው ችግር ይኸው ነበር።

«ኦሲቲ» የሚባለው ይህ መሣሪያ ዓይንን ሳይነካ የሬቲናን ንብርብር ልክ እንደ ተቆረሰ ድፎ ዳቦ በጎን ያሳያል። የሬቲና ውፍረት የሚሊሜትር ሩብ ያህል ብቻ ሲሆን፣ የተለመደው ካሜራ ከፊት ለፊት ከማንሳት በስተቀር ውስጡን አያሳይም። ኦሲቲ ግን ደካማ ጨረር ወደ ዓይን ልኮ፣ ከየንብርብሩ ተንጸባርቆ የሚመለሰውን ብርሃን በመለካት ምስል ይሠራል።

ፈጠራው በ1991 በ«ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ሲሆን፣ የሠሩት በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ጄምስ ፉጂሞቶ፣ ዴቪድ ሁዋንግ፣ ኤሪክ ስዋንሰንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ1992 የተቋቋመው አነስተኛ ኩባንያም በ1994 ለዛይስ ተሸጠ።

ይሁንና ገበያው ቀዘቀዘ። ሽያጩ መነቃቃት የጀመረው ሦስተኛው ሞዴል «ስትራተስ» በ2002 ከወጣ በኋላ ነው። ስትራተስ በሴኮንድ 400 ጊዜ ሲለካ፣ ከ2006 ጀምሮ የመጡት መሣሪያዎች ከ20,000 በላይ ደረሱ። የጃፓኑ ቶፕኮንና የአሜሪካው ኦፕቶቪውም ተወዳዳሪ ሆነው ገቡ።

ገበያውን ያደራው ግን ሌላ ዕቃ ነው። በዚያው በ2006 «ሉሴንቲስ» የተባለ መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ። መድኃኒቱ በሬቲና ሥር የበቀሉ የደም ሥሮች ፈሳሽ እያንጠባጠቡ አረጋውያንን የሚያሳውሩበትን በሽታ ይገታል። አንዱ መርፌ 2,000 ዶላር ገደማ ያወጣ የነበረ ሲሆን፣ በየወሩ ዓይን ውስጥ እንዲወጋ ይመከር ነበር። ኦሲቲ ፈሳሹ መድረቁን ካሳየ ግን ሐኪሙ ቀጣዩን መርፌ ማዘግየት ይችላል። ፈሳሹ ከተመለሰም ዓይን ሳይጎዳ ይደረስበታል።

በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሰላው፣ የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን «ሜዲኬር» ከ2008 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት በዚህ ምክንያት 9 ቢሊዮን ዶላር ያህል አትርፏል። ሕመምተኞችም ከኪሳቸው ይከፍሉት ከነበረው 2.2 ቢሊዮን ዶላር ቀርቶላቸዋል። መንግሥት በሁለት አሠርት ዓመታት ለኦሲቲ ምርምር ያወጣው ግን 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው።

ስለዚህ ለዓመታት ገዥ ያጣው መሣሪያ ወጪውን ደጋግሞ መልሷል። ለሕመምተኛው ደግሞ ትርፉ ከዶላሩም ይልቃል፤ ዓይኑ ሳይጠፋ የሚቀርለት አንድ መርፌ ነው።