በወሬ ሁለት ጊዜ ስለ ተሾሙት ስለ ሚስተር በትለር

መንግሥትን በያዘ ፓርቲ ውስጥ የአለቃው ወንበር ባዶ ሊኾን ነው የተባለ እንደ ኾነ፥ ወሬው ከሥራው ይቀድማል። ጋዜጠኛው ተተኪውን ይሾማል፤ የምክር ቤቱ አባል በየጓዳው ይማከራል፤ ሹሙም የሚመጣውን ጌታ ሳያውቅ ላለመፈረም ሲል የያዘውን ጉዳይ ለነገ ያሳድረዋል። ይህ በብዙ አገር የታየ ነው፤ ነገር ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 እና በ1963 ዓ.ም. በእንግሊዝ የወግ አጥባቂዎች ፓርቲ የኾነውን ያህል የወሬን ከንቱነት የሚገልጥ ታሪክ ጥቂት ነው።

ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ በዤኔቭ በተደረገው ክርክር ስማቸው በኢትዮጵያ የታወቀው ሰር አንቶኒ ኢደን፥ ከስዌዝ ጦርነት በኋላ ጤና ስላጡ በጃንዋሪ 9 ቀን 1957 ዓ.ም. ከጠቅላይ ሚኒስትርነት ተሰናበቱ። ሰር አንቶኒ በጃማይካ ሲያርፉ የሚኒስትሮቹን ጉባዔ በሊቀ መንበርነት የመሩት ሚስተር በትለር ስለ ነበሩ፥ አብዛኞቹ ጋዜጦች ሹመቱን ለእርሳቸው ሰጡ። ይኹን እንጂ ሎርድ ሶልስበሪና ሎርድ ኪልሚዩር ሚኒስትሮቹን አንድ በአንድ ጠርተው በጠየቋቸው ጊዜ፥ የሚበዙት ሚስተር ማክሚላንን መረጡ። በማግስቱ ንግሥት ኤልሳቤጥ ያስጠሩት ሚስተር ማክሚላንን ኾነ፤ ሚስተር በትለርም ሳያጉረመርሙ ከተሾሙት በታች ኾነው አገለገሉ።

ስድስት ዓመት አልፎ ሚስተር ማክሚላን ራሳቸው በኦክቶበር 1963 ዓ.ም. ድንገት ታመው ሆስፒታል ገቡ። ጊዜው የፓርቲው ዓመታዊ ጉባዔ ብላክፑል በምትባል የባሕር ዳር ከተማ የተሰበሰበበት ነበር። ኦክቶበር 10 ቀን የስንብታቸው ደብዳቤ ለጉባዔው ተነበበ፤ አንባቢውም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሎርድ ሂዩም ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ጉባዔው ጉባዔ መኾኑ ቀረና ገበያ መሰለ። ሎርድ ሄልሻም በዚያው ማታ የመኳንንትነት ማዕርጋቸውን ትተው ወደ ሕዝብ ምክር ቤት እንደሚገቡ ሲናገሩ ሕዝቡ አጨበጨበላቸው፤ ሽማግሌዎቹ ግን ሳይገድሉ ጎፈሬ ነው ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ሚስተር ሞድሊንግ ብዙ ተጠብቀው ሳለ ንግግራቸው ቀዝቃዛ ኾነ። ሚስተር በትለርም እንደ ልማዳቸው በጭምትነት ስለ ተናገሩ ልብ አላሞቁም፤ ጋዜጦቹ ግን አሁንም ስማቸውን ከፊት ያስቀድሙ ነበር። ደብዳቤውን ያነበቡትን ሰው በመዠመሪያ የጠረጠረ ጥቂት ነው።

ማትያስ በይሁዳ ፈንታ በተተካ ጊዜ ዕጣው በጉባዔው ፊት ወደቀ። በለንደን ግን ዕጣውን ያየ አልነበረም። አንዱ ሹም ሚኒስትሮቹን፥ ሌላው የሕዝብ ምክር ቤቱን አባሎች፥ ሌላው መኳንንቱን እየጠየቀ፥ ቍጥሩ ሁሉ በታመሙት ሰውዬ አልጋ አጠገብ ተጠራቀመ። ወሬው በኦክቶበር 17 ቀን ሌሊት በተሰማ ጊዜ፥ ሚስተር ማክሊዎድ በሚስተር ፓወል ቤት ከጓደኞቻቸው ጋር ተሰብስበው ሚስተር በትለር እንዲጸኑ መከሩ። በትለር አላገለግልም ቢሉ ኖሮ ሎርድ ሂዩም መንግሥት ለማቆም በተቸገሩ ነበር። በማግስቱ ግን ንግሥቲቱ ወደ ሆስፒታሉ ሄደው የሚስተር ማክሚላንን ምክር ሰሙና ሎርድ ሂዩምን አስጠሩ። ሚስተር በትለር ፓርቲው እንዳይከፈል ብለው የውጭ ጉዳይን ሚኒስቴር ተቀበሉ፤ ማክሊዎድና ፓወል ግን አናገለግልም አሉ። በእርግጥ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ በሁለቱ መካከል የሚመረጥ እምብዛም አይገኝም፤ ሁለቱም በ1938 ዓ.ም. የኢጣልያን ንጉሥ በኢትዮጵያ ላይ ያወቀው የሚስተር ቼምበርሌን መንግሥት አገልጋዮች ነበሩ።

ሎርድ ሂዩም ማዕርጋቸውን ትተው ሰር አሌክ ዳግላስ ሂዩም ተባሉ፤ በኖቬምበርም በስኮትላንድ ተመርጠው ወደ ሕዝብ ምክር ቤት እስኪገቡ ድረስ፥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሁለቱ ምክር ቤቶች የአንዱም አባል ያልኾኑበት ሁለት ሳምንት ያህል አለፈ። በሰውዬው ጠባይ ነቀፋ ያገኘ የለም። ፓርቲውን የጐዳው የተመረጡት ሰው ሳይኾን የተመረጡበት ጨለማ ነው። ሚስተር ማክሊዎድ በጃንዋሪ 1964 ዓ.ም. በመጽሔት ላይ የምርጫውን ምስጢር ገልጠው ጥቂት ባላባቶች በራሳቸው ክበብ የወሰኑት ነው ብለው በጻፉ ጊዜ፥ ለተቃዋሚዎቹ ከዚህ የበለጠ መሣሪያ አላስፈለጋቸውም። በዚያው ዓመት በኦክቶበር የሠራተኛው ፓርቲ በ4 ወንበር ብልጫ ብቻ መንግሥቱን ወሰደ።

በ1965 ዓ.ም. ፓርቲው አለቃውን በሕዝብ ምክር ቤት አባሎቹ ድምፅ ሊመርጥ ደንብ አወጣ። በጁላይ ሰር አሌክ ሲሰናበቱ ድምፁ ተቈጠረ፤ ሚስተር ሂዝ 150፥ ሚስተር ሞድሊንግ 133፥ ሚስተር ፓወል 15 አገኙ። ሚስተር በትለር ከዕጩዎቹ መካከል አልነበሩም። በዚያው ዓመት ፖለቲካውን ትተው በኬምብሪጅ የሥላሴ ኮሌጅ አለቃ ኾነው ነበር፤ ይህንንም ሹመት ጋዜጦቹ አስቀድመው አልተነበዩትም።