ስለ ሐይቆች ስፋትና ጥልቀት

ሐይቅ ማለት በየብስ ተከቦ በጎድጓዳ ስፍራ የተጠራቀመ ሰፊ ውኃ ነው። ከሐይቆችም የአንዳንዱ ውኃ ጨው ነው፤ የአንዳንዱም ሰውና ከብት የሚጠጣው ጣፋጭ ነው። በምድር ላይ ያለው ውኃ ሁሉ በ10,000 እንስራ ቢመሰል በጣፋጮቹ ሐይቆች ያለው አንድ እንስራ አይሞላም። የቀረው አብዛኛው የባሕር ውኃ ነው፤ ጣፋጩም ቢሆን የሚበዛው በሰሜንና በደቡብ ዋልታ በረዶ ሆኖ የረጋው ወይም ከምድር በታች የተሰወረው ነው።

ሐይቅ ጣፋጭ ሆኖ የሚኖረው መውጫ ሲኖረው ነው። ወንዞች አፈሩንና ድንጋዩን እያጠቡ ጥቂት በጥቂት ጨው ያመጣሉ፤ ፀሐይ ግን ውኃውን ብቻ በእንፋሎት ታወጣና ጨውን በስፍራው ትተወዋለች። ስለዚህ መውጫ የሌለው ሐይቅ ከዘመን ወደ ዘመን ጨውነቱ እየበዛ ይሄዳል። በኢትዮጵያ ሻላና አብያታ እንዲህ ናቸው። ጣና ግን ግልገል ዐባይ፣ መገጭ፣ ርብና ጉማራ የሚያመጡለትን ተቀብሎ በባሕር ዳር በኩል ለታላቁ ዐባይ ስለሚሰጥ ውኃው ይጠጣል። ግልገል ዐባይ ከሐይቁ ጋራ ሳይቀላቀል አቋርጦ ይወጣል የሚል የቆየ ወሬ አለ። ይህም በክረምት የደፈረሰው ውኃ ከጥሩው ተለይቶ ስለሚታይ የተነገረ ይመስላል፤ ነገር ግን የወንዞቹ ውኃ ሁሉ በነፋስ ተናውጦ ይቀላቀላል። እንዲያውም በዐባይ ከሚወጣው ይልቅ እንፋሎት ሆኖ ወደ ሰማይ የሚወጣው ይበልጣል።

ሐይቅን በስፋቱ ብቻ የሚለካ ሰው ግን ይሳሳታል። በሩስያ አገር በሳይቤርያ ምድር ባይካል የሚባል ሐይቅ አለ። ስፋቱ 31,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የጣናም ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ባይካል ጣናን በስፋት አሥር እጅ ገደማ ይበልጠዋል። በያዘው ውኃ ግን የሚበልጠው 800 እጅ ያህል ነው። ምክንያቱም ጥልቀቱ ነው። ባይካል ምድር ተሰንጥቃ በሰመጠችበት ስፍራ የተቀመጠ ስለ ሆነ እስከ 1,642 ሜትር ይጠልቃል፤ ከዓለም ሐይቆችም በጥልቀት የሚተካከለው የለም። ከ300 የሚበልጡ ወንዞችና ጅረቶች ይገቡበታል፤ የሚወጣው ግን አንጋራ የሚባለው አንድ ወንዝ ብቻ ነው። በዓለም ላይ በሐይቅና በወንዝ ካለው ጣፋጭ ውኃ ከአምስት እጅ አንዱ እጅ በእርሱ ውስጥ ነው። በብርድ ወራትም ፊቱ ስለሚረጋ ጭነት የያዘ መኪና በላዩ ይሄድበታል።

ጣና ግን በደጋ ላይ የተቀመጠ ሰፊ ገበቴ ነው። ከሁሉ በሚጠልቅበት ስፍራ 14 ሜትር ያህል ስለ ሆነ አሥር ሰዎች አንዱ በአንዱ ትከሻ ቢቆሙ የላይኛው ራሱ ከውኃው በላይ ይታያል። ከዛሬ 17,000 ዓመት በፊት ገደማ ዝናብ በጠፋ ጊዜ ፈጽሞ ደርቆ እንደ ነበረ ሊቃውንት ከሥሩ ያወጡትን ጭቃ መርምረው አግኝተዋል።

አስተማሪው ይህን ለልጆቹ ሊያሳያቸው ቢወድ በሰፊ ገበቴ ጣት የሚያህል ውኃ ያፍስስ፤ በአጠገቡም አንድ ሙሉ እንስራ ያቁም። ከዚያም በሁለቱ ላይ እፍኝ እፍኝ አፈር ይጨምር። የገበቴው ውኃ ወዲያው ጭቃ ይሆናል፤ የእንስራው ግን እንዲህ አይደፈርስም።

በጣናም የሚታየው ይኸው ነው። ዳገቱ ያለ እርከን ሲታረስና ዛፉ ሲቆረጥ የክረምት ጎርፍ አፈሩን በርብና በመገጭ አድርጎ ወደ ሐይቁ ያስገባዋል። በጣና ውስጥ ከሌላ ስፍራ የማይገኙ ከአሥር የሚበልጡ የዓሣ ዓይነቶች አሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ በክረምት ወደ ወንዞቹ ወጥተው ዕንቁላላቸውን በጠጠር ላይ ይጥላሉ፤ ጠጠሩን ደለል ሲሸፍነው ዕንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። በዚያው ወራት በወንዙ አፍ መረብ የሚዘረጋም ሰው እናቲቱን ከነዕንቁላሏ ይወስዳል፤ ለአንድ ቀን ገበያ ሲል የሚመጡትን ዓመታት ዓሣ ያጠፋል።

ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የሚባል አረም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ፣ በደምቢያና በፎገራ በኩል ተስፋፋ። የመጀመሪያ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። አበባው ለዓይን ያማረ ቢሆንም የታንኳውን መንገድ ይዘጋል፤ ከብቱንም ከመጠጫው ይከለክላል። ጥልቀት የሌለውንና ደለል የተጠራቀመበትን ዳር ይወዳል፤ በሞቃት ወራትም በሁለት ሳምንት ያህል እጥፍ ይሆናል። ነቅለው በዳር የተዉት እንደ ሆነ በክረምት ሐይቁ ሲሞላ ተመልሶ ይገባል፤ ስለዚህ ውኃ ከማይደርስበት ስፍራ ወስዶ ማድረቅ ያስፈልጋል። ዘሩም በጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ስለሚቆይ አንድ ጊዜ የጸዳው ዳርቻ በየዓመቱ መታየት አለበት።